አፍንጫን ስለመቆንጠጥ የተላለፈ ውሳኔ

የቢራ ፋብሪካው የቅምሻ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ
ቦታ፦ ከጠርሙስ ማጠቢያው በላይ ያለው ትንሹ የስብሰባ ክፍል (ትልቁ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ)
ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. ዋና ጠማቂው
3. ምክትል ጠማቂው (የሰብሳቢው የእህት ልጅ)
4. የሽያጭ ኃላፊዋ
5. የመጋዘን ኃላፊው (በቅጽል ስማቸው «አጭር ነው»፤ ንግግር ሁሉ ሲጀምሩ እንዲህ ስለሚሉ)
6. የውስጥ ኦዲተሩ ኮት

ቢራ ቀጂ፦ ሾፌሩ (ቢራ የማይጠጣ በመሆኑ የተመረጠ)
ጸሐፊ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ (የዋና ጠማቂው ባለቤት)

ምልዓተ ጉባኤን በሚመለከት፦ በደንቡ መሠረት ሹመትና ሽረት የሚነካ ጉዳይ ሲኖር ስድስቱም አባላት መገኘት አለባቸው። የውስጥ ኦዲተሩ «አሁን መጣሁ» ብለው ከወጡ ቆይተዋል፤ ኮታቸው ግን ወንበራቸው ላይ ተሰቅሏል። ሰብሳቢው በዚህ መሥሪያ ቤት ኮቱ ያለ ሰው ራሱም እንዳለ እንደሚቆጠርና ይህም ሲሠራበት የኖረ መሆኑን አስታውሰዋል። የተቃወመ አልነበረም፤ ከአባላቱ መካከል ኮቱን ሰቅሎ ወጥቶ የማያውቅ ስለሌለ ነው። ስለሆነም ኮቱ እንደ ተገኘ ተቆጥሮ ስብሰባው ተከፍቷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ ሰብሳቢው የቦርዱን ትእዛዝ አንብበዋል። ኮሚቴው ሁለት ቢራዎችን፣ ማለትም ዋና ጠማቂው የጠመቁትን የታንክ ሦስት ቢራና ምክትላቸው የጠመቀውን የታንክ አምስት ቢራ፣ ያለ አድልዎ ቀምሶ የተሻለውን ይመርጣል። የተመረጠው ቢራ ባለቤት የጠመቃ ክፍሉን ይመራል፤ ሌላው ወደ ጠርሙስ ማጠቢያ ይወርዳል። ከወለሉ ሥር የጠርሙስ መንኳኳት ይሰማ ስለነበር ሰብሳቢው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግመው ለማንበብ ተገደዋል። ሁለቱም ጠማቂዎች በመጀመሪያውም ንባብ ሰምተዋት ነበር።

(የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ ከመፈረሙ በፊት የሚሰረዝ፦ ባለቤቴ ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተውም። ምንም። ባለፈው ድስቱ አሮ ጎረቤት በር እስኪደበድብ ድረስ እሱ ከምድጃው ጎን ቆሞ መደርደሪያ ይጠግን ነበር። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አፍንጫ የሌለው ጠማቂ መሆኑ ከታወቀ ዛሬውኑ ታች ነው የሚወርደው፤ ለጡረታ ትንሽ ሲቀረው፣ በዚያ እርጥበት፣ በዚያ ጉልበቱ።)

አጀንዳ አንድ፦ የጸሐፊዋ ገለልተኝነት

የሽያጭ ኃላፊዋ የተወዳዳሪ ሚስት ቃለ ጉባኤ ልትይዝ እንደማይገባ ገልጸዋል። የመጋዘን ኃላፊው «አጭር ነው» ብለው ተነሥተው፣ ሚስት ለባሏ ታዳላለች የሚባለው ያላገቡ ሰዎች ወሬ መሆኑን፣ የራሳቸው ባለቤት በዘመድ ፊት እንኳ አድልተውላቸው እንደማያውቁ፣ ባለፈው ሳምንትም ስለ ጫማቸው ምን እንዳሏቸው በስፋት አስረድተዋል። ሰብሳቢው ሌላ የሚነበብ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ አባላቱ እስክሪብቶአቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጸሐፊዋ እንድትቀጥል፣ ነገር ግን አድናቆትም ሆነ ነቀፋ እንዳትጽፍ፣ ቢራም እንዳትቀምስ ተወስኗል። ጸሐፊዋ ውሳኔውን በደስታ የተቀበለች መሆኗን ራሷ መዝግባለች።

አጀንዳ ሁለት፦ የግል ስሜት የቢራ ነጥብ አሰጣጥን ይነካል ወይስ አይነካም?

ሰብሳቢው በበኩላቸው አድልተው እንደማያውቁ ገልጸዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ ባለፈው ወር ሰብሳቢው ለእህታቸው ልጅ ቢራ አሥር ከአሥር የሰጡት ብርጭቆው ሳይቀዳ መሆኑን አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ያ ማበረታቻ እንጂ ነጥብ አይደለም ብለዋል። አያይዘውም የሽያጭ ኃላፊዋ የራሳቸው ምርጫ የሆነ ወርቃማ መለያ ያልተለጠፈበትን ጠርሙስ ሁሉ «ጣዕም የለውም» እንደሚሉ አንሥተዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ ጣዕም በዓይን እንደሚጀምር በሙያቸው ያውቁታል።

የመጋዘን ኃላፊው አጭር ነው ብለው፣ እርሳቸው ለሁሉም ቢራ ስምንት እንደሚሰጡ፣ ይህንንም የሚያደርጉት ከሁሉም ጋር ስለሚጠጡ መሆኑን ተናግረዋል። ምክትል ጠማቂው «አጎቴ…» ብሎ ጀምሮ፣ በሰብሳቢው ዓይን ታርሞ፣ «ክቡር ሰብሳቢ» ካለ በኋላ ሰው ሁሉ ያዳላል የሚል እምነት እንዳለው ገልጿል። ሁሉም ዞረው አዩት። ሰብሳቢው «አንተ ልጅ፣ ማን ጠየቀህ?» ያሉት እንዳይመዘገብ ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በአምስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ኮቱ) የሚከተለው ተወስኗል። የግል ስሜት የቢራ ነጥብ አሰጣጥን ይነካል። ይሁን እንጂ በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም።

አጀንዳ ሦስት፦ የቅምሻው ዘዴ

የመጀመሪያው ዙር። መለያው በወረቀት ተሸፍኖ ተቀምሷል። ሰብሳቢው አንደኛውን ብርጭቆ ሦስት ብቻ ሰጥተው፣ ይህም ለእህታቸው ልጅ እንደማያዳሉ በግልጽ እንዲታይ መሆኑን አስረድተዋል። ወረቀቱ ሲገለጥ ሦስት የተሰጠው የዋና ጠማቂው ቢራ ሆኖ ተገኝቷል። ሰብሳቢው እንዲያስተካክሉ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ የዋና ጠማቂው ቢራ አረፋው ቶሎ ስለማይወርድ ዓይን ያለው ሁሉ እንደሚለየው በማመልከታቸው ዙሩ ተሰርዞ፣ የሁሉም ዓይን እንዲሸፈን ተወስኗል። ለዚሁም የሰብሳቢው ክራቫት፣ የሽያጭ ኃላፊዋ ሻርፕና ሁለት የመወልወያ ጨርቆች (የታጠቡ) ሥራ ላይ ውለዋል። የመጋዘን ኃላፊው በቆባቸው ተሸፍነዋል።

ሁለተኛው ዙር። ዓይን ተሸፍኖ ተቀምሷል። ሁሉም በአንድ ድምፅ የመጀመሪያው ብርጭቆ የዋና ጠማቂው መሆኑን ለዩ። ሰብሳቢው በምን እንዳወቁ ሲጠይቁ፣ የመጋዘን ኃላፊው በሾፌሩ እርምጃ መሆኑን ተናግረዋል። ሾፌሩ የዋና ጠማቂውን ትሪ ቀስ ብሎ እንደ ሕፃን ይዞ ሲመጣ የሌላውን እየሮጠ ያመጣዋል። ሾፌሩ ተጠርቶ ተጠይቆ፣ «እኔ ቢራ አልጠጣም፤ ስለ ቢራው ምንም አላዳላሁም። ጋሼን ግን እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ?» የሚል መልስ ሰጥቷል። ጫማውን አውልቆ እንዲቀዳ ተወስኗል።

ከዚያ በኋላ ምክትል ጠማቂው ጫማም ቢወልቅ ውድድሩ እኩል እንደማይሆን አመልክቷል። ምክንያቱም ዋና ጠማቂው አፍንጫቸው የታወቀ ነው፤ በኮሪደር ሲያልፉ የትኛው ታንክ እንደተከፈተ ይናገራሉ ተብሎ ሲወራ እየሰማ ነው እሱ ያደገው። ስለዚህ የሁሉም አፍንጫ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ዋና ጠማቂው ሐሳቡ ተነግሮ ሳያልቅ ደግፈውታል። እስከዚህ ሰዓት ድረስ የተናገሩት ነገር ይህ ብቻ ነው።

(የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ የሚሰረዝ፦ «እደግፋለሁ!» ሲል ሻርፑ ከዓይኑ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ሰው እንዴት እንዲህ ያስታውቃል? ቸኩሎ ጉድ ሊያፈላ ነበር። ደግነቱ የሁሉም ዓይን ታስሯል።)

የሽያጭ ኃላፊዋ አፍንጫን በምን እንዝጋ የሚል ጥያቄ አንሥተዋል። የሠራተኞች የደንብ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ላይ የልብስ መቆንጠጫ እንዲመጣ፣ መቆንጠጫውም ለሰብሳቢው አዲስ እንዲሆን ተወስኗል።

ሦስተኛው ዙር። ዓይን ታስሮ፣ አፍንጫ ተቆንጥጦ፣ ቀጂው በባዶ እግሩ ሆኖ ተቀምሷል። ከዚህ በኋላ የአባላቱ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ስለነበር ጸሐፊዋ የመዘገበችው በከፊል በግምት ነው። ለእያንዳንዱ አባል አራት አራት ብርጭቆ ቀርቦ የትኛው የየትኛው ታንክ እንደሆነ እንዲለይ ተጠይቋል። ሰብሳቢው አራቱም አንድ ናቸው ብለዋል። ምክትል ጠማቂው ግራ እንደተጋባ ሳይደብቅ ተናግሯል። የሽያጭ ኃላፊዋ አራተኛውን ብርጭቆ ዘጠኝ ሰጥተው «ቀለል ያለ፣ ዘመናዊ፣ ለወጣቱ የሚሆን» ሲሉ አወድሰዋል። ሾፌሩ ሁሉም ከቀመሱ በኋላ እንዳሳወቀው ያ ለመጉመጥመጫ ያስቀመጠው የቧንቧ ውሃ ነው። የመጋዘን ኃላፊው ለሁሉም ስምንት ሰጥተዋል።

ዋና ጠማቂው ግን ሦስቱን ብርጭቆ አንድ በአንድ ለይተው አራተኛው ጋ ሲደርሱ «ይሄስ ውሃ ነው። ምነው ልጄ፣ ውሃም አስቀማሽ ሆንክ?» ብለዋል። በምን እንደለዩ ሲጠየቁም ምሬቱ ምላስ ሥር የሚቆይበት አለ፣ ጋዙ የሚቆነጥጥበት አለ፣ አፍ ውስጥ የሚከብድና የሚቀል አለ ብለው አስረድተዋል። ኮሚቴው በመደነቅ አጨብጭቧል። የሰብሳቢው መቆንጠጫ በዚሁ ወቅት ወድቋል።

(የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ የሚሰረዝ፦ ምን ያስጨበጭባል? እሱ እኮ ከጉንፋኑ ወዲህ የሚበላውንም የሚጠጣውንም በምላሱ ብቻ ሲለይ ነው የከረመው። እነሱ ዛሬ ገና የገቡበትን ቤት እሱ ተከራይቶ ኖሮበታል።)

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ «አፍንጫቸው ተዘግቶ እንዲህ የሆኑ ሰው ተከፍቶማ ምን ሊሆኑ ነው!» የሚለው የሽያጭ ኃላፊዋ ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ዋና ጠማቂው የኮሚቴው ብቸኛ ዳኛ እንዲሆኑ ተወስኗል። ስለሆነም መቆንጠጫቸውን አውልቀው፣ የራሳቸውንና የምክትላቸውን ቢራ አሽትተው፣ የትኛው እንደሚበልጥ በዚሁ መድረክ እንዲናገሩና ውሳኔያቸው የመጨረሻ እንዲሆን ተጠይቀዋል።

አባላቱ ሁሉ የዓይናቸውን መሸፈኛ ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገዋል። ዋና ጠማቂው ሁለቱን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆመዋል። አንዱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተዋል፤ ሌላውንም አስጠግተዋል። ምክትል ጠማቂው ጠረጴዛውን ይመለከት ነበር። ጸሐፊዋ ለዋና ጠማቂው በዓይኗ ምልክት የሰጠች ቢሆንም አልተቀበሏትም።

በመጨረሻም ብርጭቆዎቹን አስቀምጠው እንዲህ ብለዋል፦ «ጓዶች፣ እኔ አይሸተኝም። ከጉንፋኑ ወዲህ ሄዷል። የልጁ ቢራ ከእኔ ይብለጥ አይብለጥ አላውቅም። ሳይሸተኝ ደግሞ ይህን ልጅ ጠርሙስ ማጠቢያ አላወርደውም።»

አጀንዳ አራት፦ በድንገት የተነሣ፤ ዋና ጠማቂው ይሸታቸዋል ወይስ አይሸታቸውም?

የሽያጭ ኃላፊዋ ይህ ትሕትና መሆኑን ገልጸዋል። የመጋዘን ኃላፊው አጭር ነው ብለው፣ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚል፣ አንድ የአጎታቸው ልጅም እንዲሁ አይታየኝም እያለ ቆይቶ በመጨረሻ መነጽር ብቻ እንደነበር አውስተዋል። ሰብሳቢው በበኩላቸው ጉዳዩን በጥንቃቄ ማየት እንደሚገባ አሳስበዋል። ኮሚቴው ከጉንፋኑ ወዲህ ለዋና ጠማቂው ቢራ ከስምንት በታች ሰጥቶ አያውቅም። ዋና ጠማቂው አይሸታቸውም ከተባለ ኮሚቴው ሲያሞግስ የከረመው አፍንጫ የሌለው ቢራ ነው ማለት ነው። ቦርዱ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ለአባላቱ ትተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በአራት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ (ዋና ጠማቂው) እና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ኮቱ) ዋና ጠማቂው ይሸታቸዋል ተብሎ ተወስኗል።

ዋና ጠማቂው ውሳኔውን አክብረው፣ ቢሆንም እንደማይሸታቸው ደግመው ገልጸዋል።

ምክትል ጠማቂው ድጋፍ የሰጠው አጎቱ ሲያዩት ደንግጦ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ጥያቄ አቅርቧል። ባለፈው ታንክ ሁለት ሊበላሽ ሲል ዋና ጠማቂው ገና በጠዋቱ ደርሰው አስቁመውታል። ሲከፈት የተቀቀለ ጎመን ይሸት ነበር። ካልሸተታቸው በምን አወቁ?

ዋና ጠማቂው ጸሐፊዋን አይተው «በእሷ» ብለዋል። መዝገብ ቤት ከመከፈቱ በፊት በየጠዋቱ ታንኮቹን እየዞረች እንደምታሸትላቸው አስረድተዋል። ሰብሳቢው ያልተፈቀደለት ሰው ጠመቃ ክፍል መግባቱን በጥብቅ አውግዘዋል። ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድል ይሰጠኝ ብላ እጇን አውጥታለች፤ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ተፈቅዶላታል።

ጸሐፊዋ ያለችው የሚከተለው ነው። አዎ፣ ታሸትለት ነበር። ነገር ግን ታንክ ሁለት የሸተታት ዕለት እውነቱን አልነገረችውም። ደህና ነው ነው ያለችው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ነበር፤ ፊቱን አይታ አንጀቷ አልቻለም። ስለዚህ ታንኩን ያዳነው የእሷ አፍንጫ ሊሆን አይችልም። እሷማ ዋሽታው ነበር።

የሽያጭ ኃላፊዋ «ይኸው አድልዎ!» ብለዋል።

ዋና ጠማቂው ውሸቱን ያኔውኑ እንዳወቁት ገልጸዋል። ሲያብራሩም፦ «ቢራው ደህና ከሆነ ፊቷን ቋጥራ “ምን አውቄ” ነው የምትለኝ። ሥራዬ ነው ወይ፣ ምን ትነዘንዘኛለህ፣ ይህን ሁሉ ትለኛለች። ያን ዕለት ግን ክንዴን ይዛ “ግሩም ነው፣ የኔ ጌታ” አለችኝ። ከተጋባን ይህን ሁሉ ዘመን የኔ ጌታ ብላኝ አታውቅም። ሮጬ ሄጄ ታንኩን አስቆምኩት።»

ለጥቂት ጊዜ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ምክትል ጠማቂው ከዛሬ ጀምሮ እሱ ሊያሸትላቸው ፈቃደኛ መሆኑን ተናግሯል። ዋና ጠማቂው አመስግነው፣ «አንተ እውነተኛ ልጅ ነህ፤ ግን መቼ እንደምታዝንልኝ አላውቅም። የእሷን አውቀዋለሁ» ሲሉ መልሰዋል።

ሰብሳቢው ፋብሪካ በሚስት ቁጣ እንደማይመራ አስገንዝበው የመጨረሻ ሐሳብ አቅርበዋል። ሀ) ዋና ጠማቂው ባመኑት መሠረት አይሸታቸውም፤ ቀደም ሲል የተሰጠው ውሳኔ ይሻር። ለ) ወደ ጠርሙስ ማጠቢያ ይውረዱ። ሐ) ምክትሉ ይሾም። መ) ጸሐፊዋ በቅንፍ ስትጽፈው የታየው ነገር ሁሉ ይሰረዝ። ከአጭር ውይይት በኋላ በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ (ሁለቱ ጠማቂዎች) እና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ኮቱ) ተወስኗል።

(የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ታች አንድ ምድጃ እንኳ የለም። ወፍራም ካልሲ እገዛለታለሁ። ሌላ ምን እጽፋለሁ?)

ልዩ ልዩ

በዚህ ጊዜ የውስጥ ኦዲተሩ ኮታቸውን ለመውሰድ ገብተዋል። አባላቱን ግንባራቸው ላይ ክራቫት፣ አፍንጫቸው ላይ መቆንጠጫ አንጠልጥለው ሲያገኟቸው ምንም አልጠየቁም፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ብዙ አይተዋል። ኮቱን አንሥተው ሲወጡ ምክትል ጠማቂው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ክቡር ሰብሳቢ፣ አባል እየወጣ ነው» ብሏል። ሰብሳቢው «ዝም በል አንተ! ሹመትህ እኮ ነው!» ብለውታል። ልጁ ዝም አላለም። ኦዲተሩን በዛሬው ውሳኔዎች ሁሉ ድምፅ መስጠታቸውን ያውቁ እንደሆነ ጠይቋቸዋል።

ኦዲተሩ ምን ተወሰነ ብለው ጠየቁ፤ ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የእግር ጫማውንና የቧንቧ ውሃውን ጨምሮ፣ ምንም ሳታስቀር አነበበችላቸው። ኦዲተሩ አንብባ ሳትጨርስ ኮታቸውን መልበስ ጀምረው፣ «እኔ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም። ኮቴም አልነበረም። ይህ ይመዝገብልኝ» ብለዋል። ተመዝግቦላቸዋል። ኮቱን ብቻ እንዲተዉ ቢለመኑም ውጭ ብርድ ነው ብለው ወጥተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ምልዓተ ጉባኤ ከመጀመሪያው ያልተሟላ ሆኖ በመገኘቱ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። በዚሁ መሠረት ዋና ጠማቂው በቦታቸው ናቸው፤ ይሸታቸዋልም አይሸታቸውምም አልተባለም። ዓይንና አፍንጫ ክፍት ናቸው። አድልዎ በዚህ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩ ወደፊት ይታያል። ማስታወሻዎቹ እንዲሰረዙ የተላለፈው ውሳኔም ስለተሻረ ጸሐፊዋ እንዳሉ ትታቸዋለች። መቆንጠጫዎቹ ወደ ገመዱ ተመልሰዋል።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።

(የጸሐፊዋ ማስታወሻ፤ የማይሰረዝ፦ ሁሉም ከወጡ በኋላ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምክትሉ የጠመቀውን የታንክ አምስትን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቶ «እንዴት ነው?» አለኝ። አሸተትኩት። ሸጋ ቢራ ነበር፤ ልጁ እጁ ተባርኳል። ዓይኑን ሳየው አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ፤ እስከ ምላሴ ጫፍ መጣ። ግን ካልኩት ሮጦ ሄዶ የልጁን ታንክ ሊደፋው ነው። «ምን አውቄ» አልኩት። ሳቀና ጠጣው።)